ከወሯ በፊት ምጥ፣ ከልደት በፊት መርፌ፦ ስለ ስቴሮይድና ስለ ጽንስ ሳንባ ተረትና እውነታ

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ከሐይቁ ዳር ቆላ ተነስቶ ቀርከሃና እንሰት እስከሞላው ደጋ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠማዘዛል። ወሯ ሳይገባ ምጥ ለያዛት የዶርዜ እናት በዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ውድ ነው። ያለ ቀኑ የሚወለድ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው በመተንፈስ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጅማና በጎንደር በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። በሆስፒታሎቹ ታክመው በተወለዱ በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት 1,109 ነበሩ። ከእነዚህ 45 በመቶ ለሚሆኑት ዋናው የሞት ምክንያት የሳንባ አለመብሰል ያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው።

ይህንን ሞት የሚቀንስ፣ ለእናቲቱ ከመውለዷ በፊት የሚሰጥ ርካሽ የስቴሮይድ መርፌ አለ። በዙሪያው ግን ብዙ የተሳሳተ ወሬ ይናፈሳል።

ተረት፦ ስቴሮይድ የስፖርተኞች ጡንቻ ማፈርጠሚያ ነው።

እውነታ፦ ስቴሮይድ የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም፤ ሰውነት ከኮሌስትሮል የሚሠራቸው የብዙ ሆርሞኖች የጋራ መጠሪያ ነው። ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰዱት ከቴስቶስትሮን ወገን ናቸው፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ሲሆኑ የሴት ጽንስን የብልት አፈጣጠር ሊያዛቡ ይችላሉ። ለሳንባ የሚሰጡት ዴክሳሜታዞንና ቤታሜታዞን ግን የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው። ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ካሉት እጢዎች ይመነጫል። የመውለጃው ጊዜ ሲቃረብ በጽንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምርና የአካል ክፍሎቹን ከማህፀን ውጭ ላለው ኑሮ ያዘጋጃል፦ ሳንባው እንዲበስል፣ ጉበቱ ስኳር እንዲያከማች፣ አንጀቱ ወተት ለመፍጨት እንዲሰናዳ ያደርጋል።

ተረት፦ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም።

እውነታ፦ ይህ እምነት በብዙ አገር የሚነገርና ዕድሜ ጠገብ ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥም ይገኛል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ በማህፀን የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንት የሕፃኑን የመትረፍ ዕድል ከፍ ያደርጋል። የሳንባ ከረጢቶች ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሰል ፈሳሽ ካላገኙ ሕፃኑ አየር ባስወጣ ቁጥር እንደ ረጠበ ፌስታል ግድግዳቸው እየተጣበቀ ይዘጋሉ። ፈሳሹ መመረት የሚጀምረው በ24ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን ለብዙዎቹ የሚበቃው ወደ 35ኛው ሳምንት ሲደረስ ነው። ስለዚህ የስምንት ወሩ ሳንባ ከሰባት ወሩ ይልቅ የበሰለ ነው። «የስምንት ወር ነው፣ አይተርፍም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ሊድን የሚችልን ልጅ እንክብካቤ መንፈግ ይሆናል።

ተረት፦ መርፌው ምጥ ለማስቆም፣ ወይም ምጥ ለማምጣት ነው።

እውነታ፦ ለሁለቱም አይደለም። ነገሩ የተገኘው ግን ምጥን በሚመለከት ምርምር ነው። የኒውዚላንዱ ሐኪም ግርሃም ሊጊንስ በበጎች ላይ ምጥ እንዴት እንደሚጀምር ሲያጠኑ፣ ከኮርቲሶል ወገን የሆነ ሆርሞን ተሰጥቷቸው እጅግ ቀድመው የተወለዱ ግልገሎች ከተጠበቀው በላይ ሲተነፍሱ አዩ፤ ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። ከሕፃናት ሐኪሙ ሮስ ሃዊ ጋር በ282 እናቶች ላይ ያደረጉት ሙከራ በ1972 ታተመ። ሕክምናውን ካገኙት እናቶች ልጆች 9 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 25.8 በመቶው በመተንፈስ ችግር ተይዘዋል። መርፌው የሚያደርገው የሳንባ ሴሎች ሰርፋክታንቱን ቀድመው እንዲያመርቱ ማነሳሳት ነው። ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ በጡንቻ ይወጋል። ጥቅሙ የሚጎላው ከአንድ ቀን በኋላ በመሆኑ፣ ከዶርዜ ዘግይቶ መነሳት ይህንን ጊዜ ይበላል።

ተረት፦ መርፌው ልጁን ለዕድሜ ልክ ይጎዳል።

እውነታ፦ በ1972ቱ ሙከራ የተካተቱት ልጆች 30 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረዋል። በማሰብ ችሎታም ሆነ በደም ግፊት ከሌሎቹ የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም፤ የተገኘው ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚሰጠው ምላሽ ላይ መጠነኛ ለውጥ ነው። ይህ ማለት ግን እንደ ልብ ይሰጥ ማለት አይደለም። ከ670 ሺህ በላይ ልጆችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የፊንላንድ ጥናት፣ በማህፀን ሳሉ መድኃኒቱን አግኝተው ቀናቸውን ጠብቀው በተወለዱት ላይ የአእምሮና የባሕርይ ችግር በዝቶ እንደታየ ዘግቧል። መርፌው ለእውነተኛ ስጋት ብቻ መሆኑ ለዚህ ነው።

ተረት፦ መርፌው ከተገኘ ሆስፒታል አያስፈልግም።

እውነታ፦ ከሁሉም አደገኛው ተረት ይህ ነው። በኬንያ፣ በዛምቢያና በሌሎች አራት አገሮች ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ወሊዶችን ያካተተው እ.ኤ.አ. የ2015 ጥናት መርፌውን እስከ ታችኛው የጤና ተቋም አድርሶ ነበር። ትናንሾቹ ሕፃናት አልተጠቀሙም። በአጠቃላይም ከ1,000 ሕፃናት የሞቱት ከ23.9 ወደ 27.4 ከፍ አሉ፤ የእናቶች ኢንፌክሽንም ጨመረ። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት በኬንያና በናይጄሪያ ጭምር፣ በአምስት አገሮች 29 ሆስፒታሎች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ የሕፃናቱ ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በዚህኛው የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ ነበር፤ ለእናትም ለሕፃንም በቂ እንክብካቤ ነበር። ድርጅቱ ዛሬም መርፌው የሚሰጠው እርግዝናው ከ24 እስከ 34 ሳምንት መሆኑ ሲታወቅ፣ በቅርቡ መውለዷ የማይቀር ሲመስል፣ እናቲቱ ኢንፌክሽን ሳይኖርባትና ያለ ቀኑ የተወለደን ሕፃን መንከባከብ የሚችል ተቋም ሲኖር ነው ይላል።

ለዶርዜ ቤተሰብ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ ወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ትያዝ፤ ክትትል በጊዜ ትጀምር፤ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ትታይ። ብዙ የዶርዜ ሸማኔዎች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ስለሚሄዱ፣ ባል በሌለበት ቀን ማን እንደሚሸኛትና መኪና ከየት እንደሚገኝ ከጎረቤትና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል። ወሯ ሳይገባ ሆዷን እየመጣ እየሄደ ከቆረጣት፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሳት ወይም ደም ካየች «እስኪነጋ እንይ» አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።