ከጎንደር እስከ አዘዞ፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አራቱ ወቅቶች

ከተማ ማለት ብዙ ምድጃ በአንድ ሥፍራ የተሰበሰበበት ቦታ ማለት ነው። በገጠር ለብቻው በጉብታ ላይ የቆመ ጎጆ እሳት ቢነሣበት፣ ጉዳቱ ለባለቤቱ እጅግ የከበደ ቢሆንም፣ ከአጥሩ አልፎ የሚሄድበት መንገድ እምብዛም የለውም፤ በከተማ ግን ግድግዳ ከግድግዳ፣ ክዳን ከክዳን ተደጋግፎ ስለሚኖር፣ ከአንዲት ማድ ቤት የተፈናጠረች ብልጭታ ሌሊቱ ሳይነጋ የመንደር ሐዘን ልትሆን ትችላለች። ስለዚህም ሰዎች በብዛት ተሰብስበው መኖር ከጀመሩበት ዘመን አንሥቶ፣ ሌላው ሲተኛ የሚነቃ፣ ሌላው ሲሸሽ ወደ ነበልባሉ የሚቀርብ ጓድ ማቆም ግድ ሆኗል። የሮማው ቄሣር አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ለከተማው የሌሊት ጠባቂዎችን ሠራዊት ባቋቋመ ጊዜ፣ ዋነኛ ተልእኳቸው ቃጠሎን መጠበቅና ማጥፋት ነበር።

ለጎንደር ሕዝብ የቃጠሎ ነገር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በጎንደር በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በ1659 ዓ.ም በመስከረም መጀመሪያ፣ በለንደን ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት ለቀናት ነድዶ 13,200 ያህል ቤቶችን አመድ አደረገ፤ የእንግሊዝ የመድን ኩባንያዎችም የየራሳቸውን እሳት አጥፊ ጓድ ማቆም የጀመሩት ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። ከዚያም ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1859 ዓ.ም፣ እሳቱ በተራው ጎንደር ገባ፤ የዚህኛው መንሥኤ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ቁጣ ነበር። በ1880 ዓ.ም ደግሞ ደርቡሽ ከተማይቱን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ከዚያ መዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ መትረፉን ምእመናን እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ያወሱታል። በድንጋይና በኖራ የታነጸው የፋሲል ግንብ ሁለቱንም ቃጠሎ ችሎ ሲቆም፣ የሣር ክዳኑ፣ የእንጨት በሩ፣ የብራናው መጽሐፍና የሊቃውንቱ ጎጆ ግን ጠፍተዋል። እሳት አስቀድሞ የሚወስደው ከሁሉ ይልቅ የማይተካውን መሆኑን ከጎንደር ታሪክ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለውጭ ተመልካች ከጥቂት ቀያይ መኪኖች፣ ከተጠቀለሉ ቱቦዎችና ተራ ከገቡ ሠራተኞች የበለጠ ነገር አይመስልም። ሥራው የቆመው ግን በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው፤ ይኸውም እሳት ያለ ማገዶ፣ ያለ አየርና ያለ ሙቀት ሊኖር አይችልም፤ ከሦስቱ አንዱን የነሣው ሰው አሸነፈው ማለት ነው። ውኃ ሙቀቱን ይወስድበታል፤ 1 ሊትር ውኃ ተንኖ ሲያልቅ ወደ 1,700 ሊትር እንፋሎት ስለሚሆንም አየሩን ገፍቶ ያርቅበታል። ነገር ግን በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ የደፋ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ ውኃው ከዘይቱ በታች ሰጥሞ በቅጽበት ስለሚተን የነደደውን ዘይት በፊቱ ላይ ይረጭበታል። ስለዚህ ለነዳጅ እሳት እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍነው ፎም ይነሠነሣል፤ ኤሌክትሪክ ባለበት ቤትም ከሁሉ አስቀድሞ ኃይሉ ይቋረጣል።

ውኃውም ቢሆን በልክ የተሰጠ ሀብት ነው። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር በሚያፈስ ቱቦ ቢሠራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ባዶውን ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ ውኃ የጫነ ቦቴ፣ ወይም በአቅራቢያው ያለ ወንዝ ነው። ወንዙ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ፓምፕ ውኃን ከጉድጓድም ሆነ ከወንዝ የሚስበው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣለት የውጩ አየር ክብደት ውኃውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው፤ ይህም ክብደት በባሕር ጠረፍ ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል የሚያነሣ ሲሆን፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ባላት በጎንደር ዳርቻ በአዘዞ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ከ8 ሜትር ገደማ አያልፍም፤ በተግባር ሲታይ ከዚያም ያነሰ ነው። እንግዲህ የደጋ ከተማ እሳት አጥፊ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ቆሞ በገደሉ ውስጥ የሚፈሰውን ውኃ እያየ ሊስበው የማይችልበት ጊዜ አለ፤ መኪናው እስከ ወንዙ ዳር የሚወርድበትን መንገድ አስቀድሞ ያላጠና ጓድ፣ በውኃ አጠገብ ሆኖ በውኃ እጦት ይሸነፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሥራው የሚፈተነው በጥቃቅኑ ነገር ነው። በሁለት ቱቦዎች መጋጠሚያ ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ይህች ቀለበት በፀሐይ ደርቃ የተሰነጠቀች እንደሆነ፣ በስንጥቋ አየር ይገባና ሞተሩ እየጮኸ፣ ፓምፑም እየዞረ አንዲት ጠብታ እንኳ አይመጣም። በመሆኑም ተረኛው ጧት ሥራውን የሚረከበው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳብሶ፣ የውኃውን ልክ አይቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አድምጦ ነው። ማንም የማያየው ይህ የጧት ልማድ የከተማ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

የዚህ ሥራ ዓመት በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ሊነገር የተገባ ነው፤ አራቱ ወቅቶች የሚያመጡት የአደጋ ዓይነት የተለያየ ነውና። አዲሱ ዓመት ሲብት ዘመነ ክረምት ገና አልተፈጸመም፤ ምድሪቱም እርጥብ ናት። መስከረም 16 ቀን ደመራው ሲለኮስ ሕዝቡ ዐይኑን ወደ ነበልባሉ ሲያነሣ፣ እሳት አጥፊው ግን የነፋሱን አቅጣጫ፣ በአቅራቢያው ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሕፃናቱ የቆሙበትን ሥፍራና ሕዝቡ ቢደናገጥ የሚወጣበትን መንገድ ይመለከታል። የእርሱ በዓል ደመራው ወድቆ፣ ፍሙም ጠፍቶ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ በሰላም ሲገባ ይጀምራል።

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ዘመነ መፀው የአዝመራ ጊዜ ነው፤ በአዘዞ ዙሪያ ባሉ መስኮች እህሉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በአውድማ ላይ ይወቃል። የጭድ ክምር እሳት ሲይዘው ውጩን ብቻ ውኃ ማጠጣት ከንቱ ድካም ነው፤ እሳቱ በሆዱ ውስጥ ተደብቆ ሲብሰለሰል ይቆይና ነፋስ ሲያገኝ ዳግመኛ ይነሣል፤ ስለዚህ ክምሩ በመንሽ እየተፈለቀቀ፣ ንብርብሩ እየተበተነ ነው ውኃ የሚጠጣው። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ በ1911 ዓ.ም ሕዝባችንን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይታጠናል፤ ልማዱ ለጽዳት የተገባ ቢሆንም፣ የፕላስቲክ ክምር ከእንጨት አጥር ሥር የሚያነድ ሰው ለበሽታ መታሰቢያ ብሎ ሌላ መከራ ይጠራል። ገበያዎችም በዚህ ወራት ዕቃ ይሞላባቸዋል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ፣ ጨርቅ በታጨቀበትና መንገድ በጠበበበት ሥፍራ ብዙ መኪና ያለው ትልቅ ከተማ እንኳ እንዴት እንደሚቸገር ለሁሉም አሳይቷል። ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት ያወጣው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር፣ በጧፍና በዕጣን መካከል የሚያገለግለው ካህን መጋረጃውን ከመብራቱ ማራቁን ቢያስታውስ፣ ለታቦቱም ለምእመኑም የሚበጅ ጥንቃቄ ነው።

ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ዘመነ ሐጋይ፣ እኛ በጋ የምንለው፣ ሣሩ ደርቆ ነፋሱ የሚበረታበት ነው። ጥር 11 ቀን የቀሀ ወንዝ ውኃ በቦይ ተመርቶ በሚሞላው በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት፣ የአደጋ ሠራተኛው ሥራ እሳት በማጥፋት ብቻ እንደማይወሰን ያስገነዝባል። በ2012 ዓ.ም በዚያው በዓል ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ከመቶ በላይም ቆስለዋል። ከዚያ ወዲህ የመድረኩን እንጨት ከበዓሉ በፊት መርምሮ መፍቀድና መከልከል እንደ ማዳን ሥራ ሁሉ የሚቆጠር መሆኑን ማንም ሊጠራጠር አይገባውም።

ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ዘመነ ጸደይ በደጋው አገር ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ መጀመሪያው የድርቀት ጫፍ፣ መጨረሻው የመብረቅ ወራት ነውና። በ2011 ዓ.ም በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን እየበላ በገደላገደሉ ሲወርድ፣ አንድም መኪና ሊደርስበት አልቻለም። የአካባቢው ገበሬ ቅጠልና አፈር ይዞ ዘመተ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጡ። ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ተራራ እንዲያ ሲነድ ማየት፣ በእጅ ያለው መሣሪያ ከአገሩ አቀማመጥ ጋር ካልተስማማ ከንቱ መሆኑን አስተምሯል፤ ለተራራ የሚያስፈልገው በጀርባ የሚታዘል የውኃ መርጫ፣ አካፋና የሠለጠነ እግረኛ ነው።

ከሰኔ 26 ጀምሮ ዘመነ ክረምት ሲገባ ሰማዩ ራሱ እሳት አጥፊ ስለሚሆን ሰዉ ሥጋቱን ይረሳል። ነገር ግን የአንገረብና የቀሀ ወንዞች ሲሞሉ ሰው ይወስዳሉ፤ ዝናብ በገባበት ጣሪያ ሥር የሚያልፍ አሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር ይነካካና በአቡጀዲ ኮርኒሱ ውስጥ እሳት ይፈጥራል፤ ያ ኮርኒስም ከክፍል ወደ ክፍል የተቀጠለ ስለሆነ፣ በአንዱ ተከራይ ራስ ላይ የተነሣው ነበልባል በአምስተኛው ተከራይ አልጋ ላይ ይወርዳል። ብርዱን ለመከላከል ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ቤተ ሰብም አለ፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የሌለው ስለሆነ፣ ነበልባል ሳይታይ፣ ጩኸት ሳይሰማ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይቀራል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ይህ ወራት የትምህርትና የጥገና ጊዜ ነው፤ ቱቦው ይፈተሻል፣ ፓምፑ ይፈታል፣ አዲሱ ሠራተኛ ከአሮጌው ይማራል።

አሁን ወደ አዘዞ እንመለስ። አዘዞ ከጎንደር መሃል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ የእሳት አደጋ መኪና ከመሃል ከተማ ተነሥቶ ውኃ እንደተሸከመ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት ሆኖለት እንኳ 18 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ዕቃ የሞላበት ክፍል ግን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሊያያዝ ይችላል። በዚያው በአዘዞ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል፤ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ የእሳት መኪናው እስከ መንደርደሪያው ጫፍ ከ3 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ እንዲደርስ ያዛል። ይህ ደንብ የተወለደው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ሲሆን፣ ትምህርቱም ለመንገደኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለቤት እመቤት ምድጃም ይሠራል። የእሳት ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ እነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ የጎረቤት ናቸው።

አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። የእሪታ ድምፅ ሲሰማ እንስራ ይዞ ያልወጣ ጎረቤት በዕድር ፊት ምን ይል ነበር? ነገሥታቱም ቢሆኑ ውኃን በቦይ መርተው በገንዳ ማጠራቀምን የመንግሥታቸው ክብር አድርገውት ነበር፤ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ምስክር ነው። ዛሬም የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም፦ በየሰፈሩ መኪና የሚሞላበት የውኃ ማጠራቀሚያ፣ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ፣ በአዘዞም ሆነ በሌላው የከተማ ዳርቻ በቅርብ የሚነሣ ተረኛ ጓድ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ካነበብህ በኋላ ወደ ደጅህ ውጣና መንገድህን ተመልከት፤ ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም የቆመ ጋሪ ዘግቶት እንደሆነ ዛሬውኑ አስነሣ። የቤትህን የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ልጆችህ ሁሉ እንዲያውቁት አድርግ፤ የተቀጣጠለ ከሰል ይዘህ በርህን ዘግተህ አትተኛ፤ በማድ ቤትህ አጠገብ አንድ ጆንያ አሸዋና አንድ በርሜል ውኃ ይኑር። የከተማ አስተዳዳሪዎችም የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ደመወዝ፣ ልብስና ቱቦ በበጀት ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ አይጻፉት፤ ከተማን ለመጠበቅ የሚወጣ ገንዘብ ከተማን መልሶ ለመሥራት ከሚወጣው ሁልጊዜ ያንሳልና።