አሳ ልታጠምዱ ስትወጡ ምን ዓይነት ጃኬት ትለብሳላችሁ? (ወንድሜን ያራሰው ዝናቡ አልነበረም)

የዛሬው ርዕስ ትንሽ ይገርማችሁ ይሆናል። "ሐኪም ደግሞ ስለ ጃኬት ምን አገባት?" የምትሉኝ አትጠፉም። ላስረዳችሁ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። እዚያ ከሄደ በኋላ የያዘው ሱስ ቢኖር አሳ ማጥመድ ነው። ባለፈው ኅዳር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ በቪዲዮ ደወለልኝ። እነሱ ጋ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። "እታለም፣ ሳልመን ያዝኩ!" ሊለኝ ነው የደወለው፤ ግን ቃላቱ ይጎተታሉ። ስልኩ ከእጁ ሁለቴ ወደቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የጠጣ ነው የመሰለኝ። እሱ ደግሞ መጠጥ የሚባል አይነካም።

ልብ ብዬ ሳየው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የጃኬቱን ዚፕ መያዝ አቅቶታል። "ዝናብ መታህ እንዴ?" ስለው "ኧረ ውሃ የማያስገባ ነው የለበስኩት፣ ጠብታ አልገባም" አለኝ። እንደምንም ዚፑን አስከፍቼ ውስጥ የለበሰውን የጥጥ ሹራብ እንዲጨብጠው ነገርኩት። ውሃ ወረደው። ዝናቡ እውነትም አልገባም። ያራሰው የራሱ ላብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ የሆነ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ የበረዶ ሣጥንና ዕቃውን ተሸክሞ ከመኪናው እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ በፍጥነት ተጓዘ። አላበው። ፕላስቲኩ ዝናቡን እንደማያስገባ ሁሉ ላቡንም አያስወጣም። ከዚያ በነፋስ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ውሃ ሙቀትን ከሰውነታችን የሚነጥቀው በእኩል ደረጃ ከቀዘቀዘ አየር 25 እጥፍ ገደማ በሚፈጥን ሁኔታ ነው። ስለዚህ እርጥብ ጥጥ ለብሶ መቆም ደረቅ ልብስ ለብሶ ከመቆም ይልቅ ሙቀትን ቶሎ ያሳጣል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ እንለዋለን። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ አለመታዘዝ፣ የንግግር መጎተትና የማመዛዘን መቀነስ ናቸው። ክፋቱ የመጨረሻው ነው፤ ሰውየው ራሱ "ምንም አልሆንኩም" ይላችኋል። ለዚህ በረዶ መዝነብ የለበትም። 8 እና 10 ዲግሪ ላይ ዝናብና ነፋስ ከተጨመረበት ይበቃል፤ የሲያትል ክረምት ደግሞ እንዲያ ነው።

ወንድሜን ያስደረግኩትን እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ለማንም ይጠቅማል። የመኪናውን ማሞቂያ ከፈተ፣ እርጥቡን ልብስ በሙሉ አወለቀ፣ ከኋላ ወንበር ላይ በነበረ ደረቅ ብርድ ልብስ ደረቱን፣ አንገቱንና ራሱን ጠቀለለ፣ በፔርሙስ የነበረውን ስኳር የበዛበት ሻይ ቀስ እያለ ጠጣ። እጅና እግሩን እንዳያሽ፣ እጁ በትክክል እስኪታዘዘው ድረስም እንዳይነዳ ከለከልኩት። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ቢያቆም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ወይም መዘባረቅ ቢጀምር ግን ሻዩም ይቀርና ወዲያው 911 ነው የሚደወለው። መንቀጥቀጥ ሲቆም "ተሻለው" ብለው የሚዘናጉ አሉ፤ ሰውነቱ አቅም አጥቶ ሊሆን ይችላል። አልኮል ደግሞ ሙቀት የሚሰጥ የሚመስለው የቆዳ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት ነው፤ ያለችውን ሙቀት ያስወጣታል።

አሁን ወደ ጃኬቱ እንምጣ።

አያቶቻችን ይህን ጉዳይ ቀድመው ያውቁት ነበር። የደጋ እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሳ ዝናቡን በሣሩ ላይ አንሸራትቶ ያወርዳል፣ ከሥሩ ደግሞ አየር ይዘዋወራል። የመንዝ በርኖስም ከበግ ፀጉር ስለሚሠራ ቢረጥብ እንኳ ሙቀት ጨርሶ አይከዳችሁም። ጋቢ ግን ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን ጋቢን የሚያክል የለም፤ ከረጠበ ጠላት ነው።

የዘመኑ ጃኬት ሥራ ከዚህ አይለይም። በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ ቴፍሎንን በፍጥነት ሲለጥጠው ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች የሞሉት ስስ ሽፋን ሆነ፤ ጎርቴክስ የሚባለው ከዚህ መጣ። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ በጣም ጠባብ ናቸው፣ ለላብ እንፋሎት ግን ይበቃሉ። ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ዓይነት ሽፋኖች ስላሉ በአንድ ስም ብቻ አትታሰሩ።

ስትገዙ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንደኛው በሚሊ ሜትር የሚጻፍ ነው፤ 10,000 ከተባለ ጨርቁ የ10 ሜትር ቁመት ያለውን ውሃ ክብደት ይቋቋማል ማለት ነው። ለአጭር ሰዓትና ለቀላል ዝናብ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ለሚቆም፣ በተለይ እርጥብ የጀልባ ወንበር ላይ ለሚቀመጥና ለሚንበረከክ፣ ወደ 20,000 የተጠጋ ይሻላል፤ ስትቀመጡ ክብደታችሁ ውሃውን ይገፋዋል። ሁለተኛው በግራም የሚጻፈው ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ የሚወጣው እንፋሎት ማለት ነው። ከ10,000 በላይ የሆነውን እዩ። ድርጅቶች የሚለኩበት መንገድ ስለሚለያይ ግን የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አፍ ለአፍ ገጥማችሁ አትፍረዱ።

ስፌቱን ደግሞ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነውና ከውስጥ በኩል ስፌቱ በሙሉ በቴፕ መሸፈን አለበት። አገር ቤት ሳልባጅ ተራ ሄዳችሁ ደኅና ጃኬት የምታገኙ ሰዎች፣ ይህን ቴፕ በጥፍራችሁ ሞክሩት። ከተላቀቀ ወይም የውስጡ ሽፋን እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ከሆነ ስሙ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ተዉት።

ለአሳ አጥማጅ ብቻ የሚያስፈልጉ ነገሮችም አሉ። ዘንጉን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ውሃው በእጅጌያችሁ ገብቶ እስከ ብብት ይወርዳል፤ ስለዚህ የእጅጌው ጫፍ የሚጠብቅ ይሁን። ኮፍያው ራሳችሁን ስታዞሩ አብሯችሁ ይዙር። ሱቅ ውስጥ ለብሳችሁ ክንዳችሁን እንደመወርወር አድርጉት፤ ሻጩ ይሳቅ፣ እናንተ ግን ወገባችሁ ተገልጦ እንደሆነ እወቁ። ቀለሙ ደማቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጥቁር ጃኬት ያምራል፣ ውሃ ላይ ግን ሰው አያየውም።

ወቅቱን በተመለከተ፦ በበልግና በክረምት ጃኬቱ ራሱ ወፍራም እንዲሆን አትፈልጉ። ስስ ውሃ መከላከያ ከላይ፣ ሥሩ ፍሊስ ወይም ሱፍ፣ ከቆዳ ጋር የሚነካው ደግሞ ጥጥ ያልሆነ ካናቴራ። ስትጓዙ የመሃሉን አውልቃችሁ ያዙት፣ ስትቆሙ ልበሱት። ወንድሜ የሳተው ይህን ነው። ሚኒሶታ ሆናችሁ የበረረደ ሐይቅ ላይ ለምታጠምዱ ደግሞ ዝናቡ ሳይሆን ነፋሱና ከሥር ያለው ውሃ ነው ጉዳዩ፤ በረዶው ቢሰበር የሚያንሳፍፍ ልብስ ይሸጣል፣ ገንዘባችሁን እሱ ላይ አውጡ።

በሞቃት ወቅት ብዙዎች የሚሳሳቱበት አለ። ጃኬቱ እንፋሎት የሚያስወጣው ውስጡ ከውጪው ሲሞቅና ሲረጥብ ነው። ውጪው ራሱ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ 300 ዶላር ቢከፈልበትም ያልባችኋል። ስለዚህ ከብብት ሥር ዚፕ ያለው ምረጡ፣ ክፈቱት። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ወይም ሐዋሳ ላይ ለምትወጡ ከጠዋቱ ፀሐይ በኋላ ከሰዓት የሚመጣውን ዶፍ ስታስቡ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ስስ ጃኬት ይበቃል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ውሃውም መልሶ ያንጸባርቀዋል፤ እጅጌ ረጅም ልብስና ባርኔጣ አይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲያትል ላይ አየሩ በሐምሌ ሲሞቅ ባሕሩ አይሞቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚገድለው ብርዱ አይደለም፤ ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ጥሩ ጃኬት ከዚህ አያድንም፣ ላይፍ ጃኬት እንጂ። እሱም ከጃኬቱ በላይ ይለበስ። በተለይ በጋዝ የሚነፋው ዓይነት ከሥር ከተለበሰ ሲነፋ ደረት ሊያፍን ወይም በደንብ ላይከፈት ይችላል።

"ጃኬቴ ድሮ ጥሩ ነበር፣ አሁን ያስገባል" የምትሉኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አላስገባም። ላዩ ላይ ውሃ የሚያንከባልለው ቅባት ለቆ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ ያኔ ላብ መውጫ ያጣል። በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ ማለስለሻ ፈሳሽ አትጨምሩ። ምልክቱ ላይ ከተፈቀደ በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ማስገባት ቅባቱን ይመልሰዋል፤ ካልተመለሰ የሚረጭ ይሸጣል። ፒፋስ ከሚባሉት ኬሚካሎች ነፃ የሆነውን ግዙ፤ እነዚህ ኬሚካሎች በአካባቢና በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። የአዲሶቹ ጉድለት የአሳ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቶሎ ስለሚያበላሻቸው ቶሎ ቶሎ መታጠብ መፈለጋቸው ነው።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ብርድ የደም ሥሮችን አጥብቦ ግፊት ይጨምራል፤ ብቻችሁን አትውጡ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብና የግፊት መድኃኒቶች የምትወስዱ ጣቶቻችሁ ከሌላው ሰው ቀድመው ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ስኳር ያለባችሁና እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ብርዱ ሲጎዳችሁ ላይሰማችሁ ስለሚችል ካልሲያችሁን በየሰዓቱ አውልቃችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ደረቅ መለዋወጫ ካልሲ ከመንጠቆው ሣጥን ጋር ይያዝ።