ሹፌሩ ጥሎት የሄደ ትራክ

አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ሥራው ሲመረው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቤቱም ከኩባንያው ግቢም ብዙ መቶ ማይል ርቆ ነው። አንዳንዱ ትራኩን እዚያው ትራክ ስቶፕ ላይ ያቆምና ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ስልኩ አልነሳ ሲል ኩባንያው መኪናው ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ያይና ሌላ ሹፌር በአውሮፕላን ወይም በአውቶቡስ ይልካል። የተላከው ሹፌር እንደደረሰ ሞተር አያስነሳም። ቁልፉን ያፈላልጋል፣ ጎማውን፣ መብራቱንና የፍሬኑን የአየር ቱቦ ይፈትሻል፣ የተሳቢው በር ማሸጊያ አለመነካቱን አይቶ ሁሉንም ፎቶ ያነሳል። መኝታው ላይ የቀረ ብርድ ልብስና ልብስ ካገኘ የሰው ንብረት ነውና መዝግቦ ያስቀምጣል። ጭነቱ የቀዘቀዘ ሥጋ ከሆነ ጊዜ የለም፤ ማቀዝቀዣው የሚሠራው በራሱ የነዳጅ ጋን ስለሆነ ነዳጁ ሲያልቅ ሥጋው ይበላሻል። ቢሆንም ሕጉ ለችኮላ አይላላም፦ ከ10 ሰዓት እረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ መንዳት የሚፈቀደው 11 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ወጪ በአንድ ሹፌር ጥፋት ላይ መደፍደፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ሥሩ የአሠራሩ ነው እላለሁ። የትልልቆቹ ጭነት ኩባንያዎች ዓመታዊ የሹፌር ፍልሰት እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 90 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ ያን ያህል ሰው በጠባይ ችግር ብቻ አይለቅም። ብዙው ሹፌር የሚከፈለው በማይል ነው። መጋዘን በር ላይ ጭነት እስኪራገፍ የሚያሳልፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ ወይ አይከፈልበትም፣ ወይ ክፍያው ትንሽ ነው። በ1938 የወጣው የሠራተኛ ሕግ ያስገኘው የትርፍ ሰዓት ክፍያም አብዛኛውን የረጅም መንገድ ሹፌር አይመለከትም።

ሥራ መልቀቅ መብት ቢሆንም የሰው ንብረት መንገድ ላይ መጣል መብት አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እስከ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና ሳይናገሩ ትቶ መሄድ ሌላውን መንገደኛም አደጋ ላይ ይጥላል። ለዚህም ነው ድርጊቱ በሹፌሩ የሥራ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያየው። ግን ጥሎ መሄድ የሹፌር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 የቱልሳው ጭነት ኩባንያ አሮው ትራኪንግ ሲዘጋ የነዳጅ ካርዶቹ ተቋርጠው ሹፌሮቹ በየመንገዱ ቀርተዋል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ የተሳቢው ፍሬን በብርድ የተቆለፈበት አንድ ሹፌር፣ ማሞቂያ በሌለው ትራክ ውስጥ ሰዓታት ጠብቆ፣ ተሳቢውን ፈትቶ ሙቀት ፍለጋ በመንዳቱ ጭነት ጥሏል ተብሎ ተባረረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 በ2 ለ1 ድምፅ ለሹፌሩ ፈረደ።

ስለዚህ መፍትሔው ሲቀጠሩ መጻፍ አለበት፦ የሚለቅ ሹፌር ትራኩን በየትኛው ግቢ እንደሚያቆም፣ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ፣ ኩባንያውም የሹፌሩን የቤት መመለሻ ቲኬት እንደሚችል። የተናደደ ሰው መሪ አይጨብጥ የሚል ኩባንያ ካለ ተተኪውን ወዳለበት ይላክለት፤ ቲኬቱን ግን ይግዛለት። ውል ባይኖርም ትራኩን ለሚያመጣው ሹፌር ቲኬት መግዛቱ አይቀርም፤ ውሉ ካለ ግን ጭነቱ በዚያ መሐል አይቆምም። ሁለትና ሦስት ትራክ ይዘው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ይህ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ትራክ ቢቆምባቸውም ኢንሹራንሱና የባንክ ዕዳው አይቆምም።