የአባይ መውጫ፦ የዘጌ ምራቂ ሆኖ የቀረው ጉዞ

ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ ጀልባ ሲከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘጌን ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ ሲመለስ ባለጀልባው «የአባይን መውጫስ ላሳያችሁ?» ይላል። እንግዳውም ድካም ይዞታልና «ሩቅ ነው? ስንት ይጨመርበታል?» እያለ ይከራከራል። ከሄደም አምስት ደቂቃ አይቶ፣ ጉማሬ ካልወጣለት እየተነጫነጨ ይመለሳል። መውጫው እንዲህ የዘጌ ምራቂ ሆኖ ቀርቷል። ዘጌ ግማሽ ቀን ይገባዋል፤ አልከራከርም። ግማሽ ቀን የሌለው ሰው ግን ዘጌን ለሌላ ጊዜ ያቆየውና መውጫውን በቅጡ ይየው።

ብዙ መሰናዶ አያሻም። ከወደቡ ተነስቶ ዳር ዳሩን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ተቻኩሎ አንድ ሰዓት፣ ሳይቻኮሉ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጠዋት ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ሞገዱ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። ዋጋ የሚቆረጠው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ደግሞ ይለበሳል እንጂ እንደ ትራስ አይቀመጡበትም፤ ይህን መናገር የሚያስፈልግ መሆኑ ራሱ ይገርመኛል።

መንገድ ላይ ታንኳ ይገጥማል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከውሃው ወለል ብዙም ከፍ ያላለ፣ አፍንጫው ብቻ ቀና ያለ የደንገል እስር ነው። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ መሃሉ ላይ ይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያጠልቃል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ሥራ ሲያበቃ ታንኳው ከባሕሩ ይወጣና እንዲንጠፈጠፍ በቁሙ ይደገፋል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። የሞተር ጀልባ ታንኳ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ነጂው ካልቀነሰ ተሳፋሪው ይናገር፤ ለእኛ መወዛወዝ የሆነው ሞገድ የዚያን ሰው ጭነት ያረጥበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። መውጫው ሲቃረብ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የማይቀረውን ነገር ይናገራል፦ አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ነግረውን ያሳደጉን ሰዎችም በእርግጠኝነት ነው የነገሩን። አንድ ጊዜ አብረውን የተሳፈሩ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው በጣታቸው እያመለከቱ «ያውልህ የኔ ልጅ፣ ያ ጠቆር ያለው መስመር አባይ ነው» ሲሉት ሰማሁ። ጠቆር ያለው የደመና ጥላ ነበር። ባለጀልባው ፈገግ አለ እንጂ አልተናገረም፤ እኔም አያትን በልጅ ልጅ ፊት መሞገት ነውር ነውና ዝም አልኩ። ሙግቱን ለዚህ ጽሑፍ አቆይቼዋለሁ።

ወሬው እንዲያው ከመሬት አልተነሳም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የመጣው ፖርቹጋላዊ ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ እንኳ የወንዙ ውሃ በሐይቁ ውስጥ ተለይቶ እንደሚታይ ጽፏል። ግልገል አባይ ከሰከላ ተነስቶ በደቡብ ምዕራብ በኩል ጣና ይገባል፤ አባይ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ይወጣል። ካርታ ላይ ሁለቱን በእርሳስ ማገናኘት ይቀላል። ክረምት ሲሆን የግልገል አባይ ጎርፍ ደለል ተሸክሞ ይመጣና ቀለሙ ከአፉ ርቆ ሐይቁ ውስጥ ይታያል። ያን ያየ ሰው አልዋሸም። ቀለም ሲገባ ማየትና ወንዝ ሲሻገር ማየት ግን ለየቅል ናቸው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። እንዲህ ሰፍቶ ያልጠለቀን ውሃ ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል። በጉልበት የገባው ጎርፍ ወዲያው ጉልበቱን ያጣል፤ የተሸከመውንም ያራግፋል። የግልገል አባይ አፍ ላይ ደለሉ መሬት ሆኖ ወደ ሐይቁ ዘልቆ ገብቷል፤ ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንዝ ጭነቱን በር ላይ አያራግፍም። ደግሞስ ጣና የሚገባው እሱ ብቻ ነው? ርብና ጉማራ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ይመጣሉ፤ በዚያ ላይ ራሱ ሐይቁ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አለ። ወጪውም ቢሆን በወንዙ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ በትነት የምትወስደው አባይ ይዞት ከሚወጣው ይበልጣል። እንግዲህ መውጫው ላይ እጃችንን የምንነክርበት ውሃ የጎጃሙም የጎንደሩም፣ የዘንድሮውም የካቻምናውም ድብልቅ ነው። ዛሬ በግልገል አባይ በኩል የገባ ውሃ ተንኖ ካልጠፋ ጣና ውስጥ ዓመታት ይቆያል። አባይ ማደሪያ የለውም ብሎ የተረተ ሰው ጣናን ዘንግቶታል።

ይህን ስል የግልገል አባይን መነሻ፣ ግሽ አባይን ማቃለሌ አይደለም። ምንጩ ጸበል ነው፤ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያ ከመድረሳቸው ከስንት ዘመን በፊት የአገሩ ሰው ሲጠመቅበት የኖረ። የማልቀበለው ጣናን የመተላለፊያ ኮሪደር ማድረጉን ነው። ከግሽ የተነሳው ወንዝ ጣና ላይ ያበቃል፤ በዚህ በኩል የሚወጣውን ወንዝ የሠራው ሐይቁ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ባለጀልባውን «ወንድሜ፣ እስቲ ሞተሩን አጥፋልን» በሉት። ሐይቁ መሃል ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ነፋስ ወደገፋው ይሄዳል። መውጫው አፍ ላይ ግን መጀመሪያ ምንም የሚሆን ነገር የለም፤ ቀጥሎ ዳር ላይ የቆመው ደንገል በዝግታ ወደ ኋላ መሸሽ ይጀምራል። ነፋሱ ከፊት እየመጣም ቢሆን ጀልባው ወደ ደቡብ ይንሸራተታል። ውሃው ላይ የሚታይ አረፋም ሆነ ሽክርክሪት የለም። ሐይቅ ወንዝ ሲሆን ይኸው ነው። ከታች ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል፤ ሐይቁን ያቆመውም እሱ ነው፤ ውሃው የሚወጣው ድንጋዩ ዝቅ ባለበት በኩል ነው። ሳቅና ሙዚቃ ሳይቀንሱ ይህን ማየት አይቻልም፤ ስፒከር ይዘው የሚሳፈሩ ወጣቶች ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ፍሰቱን የሚወስነው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ከመውጫው ዝቅ ብሎ የጨረጨራ ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በሮች ተሠራ፤ በ2001 አምስት ተጨመሩለት። በ2003 ሐይቁ እጅግ ጎድሎ መርከቦች ሥራ አቁመው ነበር። ከ2010 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከምዕራብ ዳርቻ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ እሳት ፏፏቴ ፊት ቆሞ «ምን ነካው፣ ከሳ?» የሚል ጎብኚ መልሱ ያለው እዚህ ላይኛው በኩል ነው። ሌላው የሚያስገርመኝ ነገር፣ ሱዳን ድንበር ላይ ከሚደርሰው የአባይ ውሃ ከጣና የወጣው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረውን በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዲዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎቹ በመንገድ ይጨምሩበታል። ቀይ አፈር የተሸከመው ያ ገናና አባይ ከመውጫው በኋላ የሚሆነው ነው፤ እዚህ ያለው ገና ለጋ ነው።

ጉማሬዎቹን በተመለከተ፣ አሉ። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ተኝተው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ያሳያሉ፤ ማታ ሳር ሊግጡ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ነው ተሳፋሪ የሚባልገው። ለፎቶ ብድግ ይላል፤ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ነጂውን «ጠጋ በል፣ ጨመር አደርግልሃለሁ» ይለዋል። ጉማሬ ከስሩ ሲገለበጥ ጀልባ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ነጂው ነው። እንዲህ ብሎ የወተወተ አንድ ተሳፋሪ የተሰጠውን መልስ አስታውሳለሁ፦ «አይ ጋሼ፣ ልጅ ይዛለች። እሷም እናት ናት፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ።» ሰውየው ተቆጥቶ ጉርሻውን ከለከለው። እንዲህ ያለ ነጂ የገጠመው ሰው ስልኩን ይቀበለው፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እሱኑ ይጥራው።