ሌጎውን እንደ ምስር መልቀም

ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ዛሬ ዛሬ የፕላስቲክ ጡብ አይጠፋም። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ተወሽቆ ይመጣል፤ ከመርካቶ በላስቲክ ታሽጎ ይገዛል፤ የአክስት ልጅ አድጎ ሲሰለቸው ደግሞ በፌስታል ተሞልቶ ይወረሳል። የማንም ፋብሪካ ይሥራው ሁላችንም «ሌጎ» ነው የምንለው። በመጀመሪያው ሳምንት በካርቶኑ ውስጥ በሥርዓት ይቀመጣል። በወሩ ካርቶኑ ይቀደዳል። ዓመት ሳይሞላ ከሶፋ ሥር፣ ከአልጋ ሥር፣ ከአባትየው ጫማ ውስጥ መለቀም ይጀምራል። ሌሊት ለሽንት ተነስቶ በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው ሕመሙን ይነግራችኋል።

እኔ ግን ስለ መለየትና ስለ ማስቀመጥ የምጽፈው ቤት እንዲያምር ብዬ ብቻ አይደለም። በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከልጆች አፍንጫና ጆሮ ሲወጣ ያላየሁት ነገር ጥቂት ነው፤ ባቄላ፣ ዶቃ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ከፍራሽ የተቦጨቀ ስፖንጅ። ስለዚህ የሌጎ ክምር ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትንሿ ፍሬ ነው። የ7 ዓመት ልጅና ገና የሚድህ ሕፃን በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ፣ ለትልቁ መጫወቻ የሆነው ለትንሹ አደጋ ነው። መለየትም የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ በቀለም ወይም በዓይነት መደርደር በኋላ ይደረስበታል።

አሮጌ አንሶላ ወለሉ ላይ አንጥፉና ያለውን ሁሉ ድፉት። ከአልጋ ሥር ያለውንም፣ ከመኪናው ወንበር ሥር ያለውንም ሰብስቡ። ሰፌድ ያላችሁ ሰፌዱን አውጡ። ምስር ወይም ሽሮ እህል የለቀመ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ጥቂት ጥቂት እየዘገኑ፣ ስስ አድርጎ መበተን፣ ከዚያ ዓይንን ማሰማራት። ክምሩን እንዳለ እያመሱ የሚፈልጉ ሰዎች ከሰዓት በኋላውን ይጨርሱና ምንም አይለዩም።

በመጀመሪያው ዙር ሌጎ ያልሆነውን አውጡ። ሳንቲም፣ ዶቃ፣ ቁልፍ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ ይገኛል። ከሁሉ በላይ የምትፈሩት ሁለት ነገር ይሁን። አንዱ መብራት ወይም ድምፅ ባለው መጫወቻ ውስጥ የምትገኘው፣ ሳንቲም የምትመስል ክብ ባትሪ ናት። ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች፤ ልጁ ዋጣት ተብሎ ከተጠረጠረ «በሰገራ ትወጣለች» እየተባለ አይጠበቅም፣ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ነው። ሌላው ትንንሽ ማግኔት ነው። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ ማግኔቶቹ እርስ በርስ ተሳስበው የአንጀቱን ግድግዳ በመሃላቸው ይጨብጣሉ፣ ሊበሱትም ይችላሉ። እነዚህን ከጨዋታው ጨርሶ ማስወጣት ነው እንጂ ለይቶ ማስቀመጥ አይበቃም።

ሁለተኛው ዙር የመጠን ነው። መጫወቻ አምራቾች «ከ3 ዓመት በታች ላሉ አይሆንም» የሚሉት በግምት አይደለም፤ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያላት አንዲት መለኪያ ቱቦ አለች፣ በውስጧ ሙሉ በሙሉ የምትገባ ቁራጭ ሁሉ ለሕፃን አደገኛ ናት ተብላ ትቆጠራለች። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የምትቀረው የካርቶን ቱቦ ታገለግላለች። ከመለኪያዋ ሰፋ ስለምትል ጥንቃቄዋ የበዛ ነው፣ እኔ ደግሞ ለዚህ ነው የምወዳት። ተራው ሌጎ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልፍባታል፤ ስለዚህ ተራው ሌጎ በሙሉ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ሕፃኑ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ለትንንሾቹ የተሠራው ዱፕሎ የሚባለው ነው። ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም የተራው እጥፍ ሲሆን የተሠራውም ከ1 ዓመት ተኩል ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። እሱ ዝቅ ብሎ፣ ሕፃኑ ራሱ ጎትቶ በሚያወጣው ቅርጫት ይሁን። ሁለቱን በአንድ ሳፋ ማደባለቅ ግን በፍጹም አይሆንም። ሁለቱ እንዲገጣጠሙ ተደርገው ስለተሠሩ ትንሿ በትልቁ ላይ ተጣብቃ ወደ ሕፃኑ ቅርጫት ትሻገራለች፤ ስታስቀምጡ የዱፕሎውን ጀርባና ሆድ ገልብጣችሁ እዩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅ ትን ሲለው እኛ አገር ቶሎ የሚመጣልን ውሃ ማጠጣት ወይም እንጀራ ማጉረስ ነው። ሁለቱም አይደረግም። ልጁ አጥብቆ እየሳለ ከሆነ፣ ድምፁም ከወጣ፣ ይሳል ተዉት፤ ከሳል የተሻለ መድኃኒት የለም። ድምፁ ከጠፋ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ፊቱ ከጠቆረ ግን ጊዜ የለም። ከ1 ዓመት በታች ያለውን በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን በመዳፋችሁ የታችኛው ክፍል 5 ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ተጫኑ። ከዚያ በላይ ያለውን ጎንበስ አድርጋችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ፤ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድኑ በታች አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ ማፈራረቅ ነው። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት ወደ ጉሮሮ አይላክም፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልጁ ራሱን ከሳተ ልብና ሳንባውን ማገዝ መጀመርና የሰው እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል፤ ይህን በእጅ ተለማምዶ ማወቅ ስለሚሻል ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሲሰጥ አያቶችም ተመዝገቡ።

ትን ብሎት የነበረ ልጅ ከተሻለው በኋላ ለቀናት ሳሉ ካልለቀቀው፣ ወይም ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ሐኪም ይየው። አብዛኛው ፕላስቲክ በራጅ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመራው በእናንተ ቃል ነው፤ «ሌጎ ይጫወት ነበር፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ጠፍታለች» የሚል ቃል ከፊልሙ ይልቅ ሊረዳው ይችላል። የተለየና የተቆጠረ ሌጎ ያለው ቤት ይህን መናገር ይችላል፤ ሁሉን በማዳበሪያ የከተተ ቤት ግን ምን እንደጎደለው አያውቅም።

ወደ ሆድ የወረደው ነገር ከዚህ በብዙ ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ 6 የሕፃናት ጤና ባለሙያዎች የሌጎ ሰው ጭንቅላት ውጠው እስኪወጣ ሰገራቸውን እየፈተሹ ጠበቁ። በአማካይ ከ2 ቀን ባነሰ ጊዜ ወጣ፤ የአንዱ ግን ጨርሶ አልተገኘም። ሥራ ፈቶች እንዳትሉ፤ የተጨነቁ ወላጆችን ለማረጋጋት ያደረጉት ነው።

እንግዲህ ወደ ድርደራው። ብዙ ሰው የሚጀምረው በቀለም ነው፤ ቀዩን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ። ሲያዩት ያምራል፣ ለሥራ ግን አይመችም። ቀይ በሆነ ክምር ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ ቁራጭ መፈለግ ዓይን ያደክማል፤ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ቁራጮች መሃል ግን ቀይዋ ራሷ ትጮኻለች። ስለዚህ በቅርጽ ለዩ። ወፍራም ጡቦች አንድ ወገን። ስስ ጠፍጣፋዎቹ ሌላ ወገን፤ 3ቱ ሲደራረቡ የአንዱን ወፍራም ጡብ ቁመት ያህላሉ። ጣራ የሚሆኑት ዘንበል ያሉት፣ ጎማና የጎማ ዘንግ፣ በርና መስኮት፣ ሰዎቹና ዕቃዎቻቸው፣ በመጨረሻም ስም የማይወጣላቸው። የ4 ዓመቱ ልጅ በቀለም ልለይ ካለ ግን አትከልክሉት፤ ቀለም መለየት ራሱ ለዚያ ዕድሜ ትምህርት ነው።

ስንት ወገን ይሁን? ልጁ ራሱ መመለስ የሚችለውን ያህል። ጥቂት መቶ ፍሬ ብቻ ላለው ቤት 3 ዕቃ ይበቃል፤ አንዱ ለትልልቁ፣ አንዱ ለትንንሹ፣ አንዱ ለጎማና ለሰዎቹ። አንዳንድ እናቶች 20 መሳቢያ ያለው ሣጥን ገዝተው በእያንዳንዱ ላይ ጽሑፍ ይለጥፋሉ፤ ከዚያ ማታ ማታ ልጁ ተኝቶ እነሱ ሲለቅሙ ያመሻሉ። ይህ ለእናትየው ሥራ መጨመር ነው። በሽፋኑ ላይ ከጽሑፍ ይልቅ ከውስጡ አንዲቱን ፍሬ በፕላስተር ለጥፉበት፤ ማንበብ የማይችለውም ያውቀዋል።

ዕቃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ባልዲ ከሆነ ልጁ ከታች ያለችውን አንዲት ፍሬ ለማግኘት ሁሉንም ይደፋዋል። ውስጡን የሚያሳይ የምግብ መያዣ ወይም የአይስክሬም ዕቃ ታጥቦ ይሆናል። የቀለም ባልዲና የኬሚካል ጀሪካን ቢታጠብም ይቅር። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስም እንዲሁ፤ ሰዎቹን ለመያዝ ልኩ ነው የሚሉ አጋጥመውኛል፣ እኔ ግን አልስማማም። ዛሬ ከጠርሙሱ መጫወቻ ያወጣ ልጅ ነገ የአያቱን የደም ግፊት ክኒን ቢያወጣ ምኑ ይገርማል?

ከማስቀመጥ በፊት ማጠብ ነው፣ በተለይ የተወረሰውን። እኛ ጤና ባለሙያዎች መቀቀል ይቀናናል፤ እዚህ ግን አይሠራም፣ ቅርጹ ይበላሻል። እጅ በማያቃጥል፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውሃና በቀላል ሳሙና በእጅ ይታጠብ፤ ወንፊት ውስጥ አድርጎ ማለቅለቅ ይመቻል። በረኪና አያስፈልግም። ባትሪና ሽቦ ያለው አይነከርም። ለማድረቅ ፎጣ ላይ በጥላ ማስጣት ነው፤ ፀሐይ እየቆየ ነጩን ቢጫ፣ ሰማያዊውን ግራጫ ያደርገዋል። በውስጡ የቀረው ውሃ ሳይደርቅ አትክደኑት፣ ይሸትታል።

የተጣበቁትን በጥርስ መፈልቀቅ የልጆች ሁሉ ልማድ ነው፤ የአዋቂም። የፊት ጥርስ ጫፍ ይሸረፋል። በአንዳንዱ ካርቶን ውስጥ የምትመጣው ጠፍጣፋ መፈልቀቂያ ለዚህ ነው፤ ከሌለች ሌላ ረጅም ጡብ ከላይ ገጥሞ እንደ ማንሻ መጠቀም ይቻላል።

የቆየውን አትጣሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1932 በዴንማርኳ ቢሉን ከተማ በአንድ አናጢ የተመሠረተ ሲሆን የዛሬው አገጣጠም የተመዘገበው በ1958 ነው፤ የዚያን ዘመን ጡብ ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል። ባለ 8 ጉብታ 6 ጡቦች ብቻ በ915,103,765 ዓይነት መንገድ ይገጣጠማሉ ተብሎ ተሰልቷል፤ ስለዚህ «ትንሽ ነው፣ ጨምሩልኝ» ለሚል ልጅ መልስ አላችሁ። የመሥሪያ መመሪያ ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል ሰብስቡ፤ ቢጠፉም በስብስቡ ቁጥር ከኩባንያው ድረ ገጽ ማግኘት ይቻላል። የሌላ ፋብሪካ ጡቦች መጠናቸው ተመሳሳይ ቢሆንም አንዳንዱ ይላላል፤ የላላውን ለብቻው ብታደርጉት ልጁ የሠራው ግንብ በተናደ ቁጥር አያለቅስም።

ልጁ ጀምሮ ያልጨረሰውን ሥራ ሳይጠይቁ አፍርሶ ወደ ዕቃው መመለስ ደግሞ ነውር ነው። በኮንዶሚኒየም ቤት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ አንድ የሻይ ትሪ ስጡት፣ ያልጨረሰው ከነትሪው ቁም ሣጥን ላይ ይውጣ።

የበዓል ዋዜማ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ቄጠማ ከመጎዝጎዙ በፊት ወለሉ ይታይ። ቄጠማ ውስጥ የገባችን አንዲት አረንጓዴ ፍሬ አዋቂ አያያትም፤ በአራት እግሩ የሚሄደው ግን ያገኛታል፣ ያገኘውንም ወደ አፉ ነው። በሌላው ቀን ደግሞ ማንም ቤት ሲጠርግ ያገኛትን የሚጥልባት አንዲት ኒኬል ኩባያ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ትኑር። ቤት የሚጠርግ ሁሉ ይወቃት፤ ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩባያዋን አውርዶ በየዕቃው ይመልስ።