የአእምሮ ጤንነትና የሥራ ፍሬ፤ ከእንጦጦ ጠበል እስከ ኮተቤ ሆስፒታል

እጁ የተሰበረ ሠራተኛ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢመጣ አለቃው «ሂድና ዕረፍ» ይለዋል፤ ጓደኞቹም ሥራውን ተካፍለው ይሠሩለታል። አእምሮው የደከመ ሠራተኛ ግን ጉዳቱ በመልኩ ላይ ስለማይታይ ሰነፍ ተብሎ ይወቀሳል። ደብዳቤው ሳይጻፍ ሲውል፣ መዝገቡ ሲሳሳት፣ ባለጉዳይም ሲመላለስበት ከደመወዙ ይቀጣል። ደመወዙ በተቀጣ ጊዜ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ጭንቀቱ በባሰ ጊዜ ደግሞ የተረፈው ሥራ ይበላሻል። እንዲህ ያለው ሰው በመጨረሻ ወይ ወደ ጠበል ወይ ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ነገር ግን ከሁለቱም ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ነው።

በአዲስ አበባ ከጉለሌ አንሥቶ እስከ የካ ድረስ ከተማውን እንደ ግንብ ከልሎ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ የዚህ ነገር ምስክር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከታሪኩ ይልቅ በጠበሉ ይታወቃል። ጎሕ ሳይቀድ በብርዱ ዳገቱን ከሚወጡት ጠበልተኞች መካከል የሥጋ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ናቸው፤ እንቅልፍ ያጡ፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅሱ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ፣ ከቤተ ሰቦቻቸውም ጋራ መነጋገር የተሳናቸው ግን ጥቂቶች አይደሉም። ብዙዎቹ በአካባቢው ጎጆ ተከራይተው ሱባዔያቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ ይቀመጣሉ።

ይህን ሁሉ ያላዋቂነት ነው ብሎ የሚንቅ የተማረ ሰው ቢኖር ነገሩን በሚገባ አልመረመረውም። ጠበልተኛው በሰዓቱ ይነሣል፤ በሰዓቱ ይጸልያል፤ ከመጠጥና ከጫት ይከለከላል፤ እንደ እርሱ በታመሙና በማያፌዙበት ሰዎች መካከል ይውላል፤ እናቱ ወይም ወንድሙ ከጎኑ አይለዩትም። ተስፋም አለው። ሐኪሞች ለተጨነቀ ሰው የተወሰነ የዕለት ሥርዓትና የወዳጅ ድጋፍ ያስፈልገዋል ሲሉ ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይናገሩም።

ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በልዩ ልዩ የጠበል ስፍራ አንዳንዱ በሽተኛ እጅና እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ይከርማል፤ ሰንሰለቱም ቁስልና ውርደት ከመጨመር በቀር አእምሮን ሲመልስ አልታየም። ሌላው ደግሞ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት «ጠበልና ኪኒን አይስማሙም» በሚል ቃል አቋርጦ፣ ጥቂት ሳምንት ደኅና ከሆነ በኋላ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ይመለስበታል። ይህን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ ካህን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ወሬ ነው። ነገር ግን በሽተኛው ካህኑ ሲያስተባብለው ካልሰማ፣ ካህኑ እንደ ፈቀደ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። የኤችአይቪ መድኃኒት በሀገራችን መታደል በጀመረ ጊዜ በእንጦጦ የነበሩ ብዙ ሕሙማን በጠበሉ ታምነው መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱንና ጠበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደማይከለከል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ በይፋ አስታወቁ። ለሥጋ ደዌ የተፈቀደው ለአእምሮ ደዌ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ማስተማሩን ሊቃውንቱ ያውቃሉ። በ2013 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባ የጠበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው በሽተኞችን ስለ መርዳታቸው በሐኪሞች የተጻፈ ጥናት ታትሟል። አጥማቂው አጥምቆ ወደ ሐኪም ይልካል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ሰጥቶ ወደ ጸሎቱ ይመልሰዋል፤ ማንም ከማንም ሥልጣን አይወስድም።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የነቢዩ ኤልያስ ነገርም ለዚሁ ጉዳይ የሚጠቅም ነው። ያን ያህል ተአምራት ያደረገ ነቢይ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ለመነ። የተላከለት መልአክ ተግሣጽ አላስቀደመም፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ ነቢዩ በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። የአርባ ቀን መንገድ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ መንፈሱ የደከመውን ሁሉ እምነት ጐደለው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኵል ሰው አስቀድሞ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ መልካም ነው።

ወደ ሐኪሞቹ በኩል ስንመለከት፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ብዙ ዓሥርተ ዓመታት ለአገሪቱ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከትግራይም ከባሌም የተነሣ በሽተኛ መድረሻው እርሱ ብቻ ነበር። በኋላ በየካ ክፍለ ከተማ በኮተቤ ለአእምሮ ሕክምና ጭምር የተዘጋጀ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሆስፒታሉ ለወረርሽኙ ተመደበ። አስፈላጊም ነበር። ሆኖም መከራ በመጣ ቁጥር ቦታውን የሚለቀው የአእምሮ በሽተኛ መሆኑን ሹማምንቱ ልብ ሊሉት ይገባል። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገው ረጅም ጥናት እንዳሳየው፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው የገጠር ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሐኪም ፊት ቀርበው አያውቁም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ሥራ ቦታ። የዓለም ጤና ድርጅት በትካዜና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን፣ የሚጠፋውም ሀብት 1 ትሪሊዮን የአሜሪካን ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል። ድርጅቱ በፈረንጆች ዘመን በ2022 ባወጣው መመሪያ አለቆች የበታቾቻቸውን ጭንቀት እንዲያውቁና እንዲረዱ መሠልጠን እንዳለባቸው መክሯል። ይህ ለአንዳንድ ሹም ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም የ16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ሐኪም መስክሮለት ለታመመም እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ያለ ደመወዝ። አዋጁ ሕመም ሲል የሥጋና የአእምሮ ብሎ አልከፈለም። የሚከፍለው ፈቃዱን ሲጠይቁት የሚስቀው አለቃ ነው።

በሕግ የማይጠበቅ ድካምም አለ። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ለእነርሱ ስለ አእምሮ ዕረፍት መስበክ ከባድ ነው፤ የሚያስጨንቃቸው የዕለት እንጀራ ነውና። በ2013 ዓ.ም. በዚያው ተራራ ላይ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለከተማው ሰው ንጹሕ አየርና የእግር መንገድ ሰጥቷል፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም አንዱ ሊናፈስበት የሚወጣውን ዳገት ሌላዋ ጎብጣ እንደምትወርደው መዘንጋት አይገባም።

በዕለት ኑሮም ቢሆን የቀደሙት አባቶች ያቆዩልን ነገር አለ። ማኅበርና ዕድር፣ የቡና ላይ ጨዋታ፣ የንስሐ አባትም ቢሆኑ ሰው ጭንቀቱን ብቻውን እንዳይሸከም የተበጁ ናቸው። የንስሐ አባት የልጃቸውን ኑዛዜ ሲሰሙ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ምግብ መተዉን፣ ይልቁንም በሕይወቱ ላይ ክፉ ማሰቡን ሊጠይቁት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰሙ ጊዜም ከቀኖናው ጋራ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቢያዙት፣ ቤተ ሰቡም ብቻውን እንዳይተወው ቢያሳስቡ፣ ነፍስ ያድናሉ።

ድኖ የሚመለሰው ሠራተኛም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ወንበሩ ለሌላ ተሰጥቶ፣ ስሙም «ያ እብድ» ተብሎ ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ታሞ የተመለሰውን ሠራተኛ ሥራውን ለጊዜው በማቅለል፣ ሕክምናውም ሳይቋረጥ እንዲደገፍ ያሳስባል። ለዚህ አዲስ በጀት አያሻም፤ ለሕክምና ቀጠሮው በወር የግማሽ ቀን ፈቃድ፣ የቀድሞ ጠረጴዛውና ስሙን ጠርቶ እንደ ቀድሞው ሰላም የሚለው አለቃ ይበቃዋል።