ቦርቦንና ራይ በቀማሽ አፍ

በእኛ ሰርግና ግብዣ ላይ ውስኪ የሚገመገመው ሳይከፈት ነው። ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሃል ይቆማል፣ ዕድሜው ይነበባል፣ ዋጋው ይገመታል፣ ያመጣው ሰው ይመሰገናል። ከዚያ በረዶና አምቦ ውሃ ይገባበትና ምን ምን እንደሚል የሚጠይቅ አይኖርም። ለጨዋታ ለሚጠጣ ይህ ይበቃዋል። ውስኪውን ራሱን ማወቅ የሚፈልግ ግን ከአሜሪካኖቹ ቢጀምር ይሻለዋል። የቦርቦንና የራይ ሕግ ጥብቅ ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነገር ትርጉም አለው፤ ጽሑፉ የተናገረውንም አፍ ወዲያው ያጣራዋል።

ቦርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። አልኮሉ ከማውጫው ሲወርድ ከ80 በመቶ፣ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ጠርሙስ ሲገባ ደግሞ ከ40 በመቶ አያንስም። በርሜሉ አዲስ፣ ከኦክ እንጨት የተሠራና ውስጡ በእሳት የከሰለ ይሁን ይላል ሕጉ። ከውሃ በቀር ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ አይጨመርም። የራይ ውስኪ ሕግ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ዋናው ልዩነት በበቆሎው ቦታ 51 በመቶውን ራይ መያዙ ነው። ራይ የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ፣ ብርድ የማይበግረው እህል ነው። ቦርቦን የሚሠራው ኬንታኪ ብቻ ነው ሲባል ይሰማል፤ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቦርቦን የአሜሪካ መለያ ምርት ነው ሲል አገሩን እንጂ ክፍለ ግዛቱን አልወሰነም። ቢሆንም የኬንታኪ ውስኪ አምራቾች ማኅበር እንደሚለው ከዓለም ቦርቦን 95 በመቶው የሚወጣው እዚያ ነው፤ በክፍለ ግዛቱ መጋዘኖች የተኙት በርሜሎችም ቁጥራቸው ከነዋሪው ሕዝብ ይበልጣል።

ሌብል ማንበብ የቅምሻው ግማሽ ነው። «ስትሬት» የሚል ካለበት ውስኪው በርሜል ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት ተኝቷል። ከ4 ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜው የግድ መጻፍ ስላለበት፣ ስትሬት ተብሎ ዕድሜው ያልተጻፈበት ጠርሙስ 4 ዓመት የሞላው ነው ማለት ነው። «ፕሩፍ» የሚለው አሃዝ ለሁለት ሲካፈል የአልኮሉ መቶኛ ይወጣል፤ 100 ፕሩፍ 50 በመቶ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ከፊቱ የአያት ምስልና የ1800ዎቹ ዓመተ ምሕረት ተለጥፎበት፣ ከኋላው በደቃቅ ፊደል ውስኪው የወጣው ኢንዲያና መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ ከሌላ ገዝቶ በራሱ ስም ያሸገው ነው። ገዝቶ ማሸግ ውስኪውን መጥፎ አያደርገውም፤ የአያትየው ታሪክ ግን ለጣዕሙ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከሌብል ቃላት ሁሉ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ለሚለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ውስኪ ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው፣ ጣዕም የሌለው አልኮል በተቃጠለ ስኳርና በፕሪም ጭማቂ ቀለም የተሰጠው ነበር። ንጹሑን የሚያወጡት ሰዎች ገበያው ጠፋባቸው። ከእነሱ አንዱ የኬንታኪው ኮሎኔል ኤድመንድ ሄይንስ ቴይለር ነበሩ፤ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከጆን ካርላይል ጋር ሆነው ገፉበትና ሕጉ በ1897 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ውስኪው በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ የምርት ወቅት የወጣ፣ መንግሥት በሚቆጣጠረው መጋዘን ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና በትክክል 50 በመቶ ሆኖ የታሸገ መሆን አለበት። የወጣበት ፋብሪካም ሌብሉ ላይ መታወቅ አለበት። ለቀማሽ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሲቀርቡ የአልኮሉ መጠን እኩል ስለሆነ አንዱ ስለጠነከረ ብቻ አፍን አያታልልም።

ሄቨን ሂል የሚባለው የኬንታኪ ኩባንያ ከሚያወጣቸው መካከል ኢቫን ዊሊያምስ ነጭ ሌብል ቦርቦን ነው፤ ሪተንሃውስ ደግሞ ራይ ነው። ሁለቱም ቦትልድ ኢን ቦንድ ናቸው፣ ሁለቱም 50 በመቶ፣ ሁለቱም አዲስ የከሰለ የኦክ በርሜል ውስጥ የተኙ። በመካከላቸው የሚቀረው ትልቅ ልዩነት እህሉ ነው፤ ቦርቦኑ 78 በመቶ በቆሎ ሲሆን ሪተንሃውስ 51 በመቶ ራይ ነው። ቦርቦኑ ሲሸተት የተቃጠለ ስኳርና ቫኒላ ይቀድማል፤ ከሥሩ የተቆላ ኦቾሎኒ ይመጣል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ጣፋጩ ከፊት ነው፣ መሃል ላይ ወፈር ይላል፣ ሲዋጥ ደረትን ሞቅ አድርጎ ይለሰልሳል። ሪተንሃውስ ሲከተል ጣፋጩ አለ፤ ግን ወዲያው ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ ይደርቡበታል፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭና ካካዎ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አፍን ደረቅ የሚያደርግ ነገር ይቀራል። ያ ደረቅ ቅመምነት የራይ ፊርማ ነው። አንዴ የለየው ሰው በበቆሎ በተሞላ ቦርቦን ውስጥ እንኳ ከሩቅ ያውቀዋል።

51 በመቶ የኬንታኪ ራይ ገና ለቦርቦን ቅርብ ነው። ላውረንስበርግ፣ ኢንዲያና የሚገኘው ትልቁ ፋብሪካ 95 በመቶ ራይ ያለበትን ያወጣል፤ የቡሌት ራይ የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚያ ላይ እንስላልና ናና ፍጥጥ ብለው ይመጣሉ። እንስላል የማይወድ ሰው ይህን ራይ ባይገዛ ይሻለዋል። በተቃራኒው ራዩ ወጥቶ ስንዴ የገባበት ቦርቦን አለ፤ ሜከርስ ማርክ 70 በመቶ በቆሎ፣ 16 በመቶ ስንዴ፣ 14 በመቶ የገብስ ብቅል ነው። ቅመሙ ስለሚቀንስ ማር ማር፣ ዳቦ ዳቦ ይላል። አንዳንዶች ይህን ለስላሳነት ከፍተኛ ጥራት አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ የራዩ መቆንጠጥ ይናፍቀኛል።

ራይ ከቦርቦን ይልቅ የጥንቱ የአሜሪካ መጠጥ ነው። ጆርጅ ዋሺንግተን በ1797 በማውንት ቨርነን ርስታቸው ጄምስ አንደርሰን በሚባለው ስኮትላንዳዊ አሳሳቢነት ውስኪ ማውጣት ጀመሩ፤ ድፍድፉ 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበር። በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን ወጥቶበታል። ማውጫ ቤቱ እንደገና ተሠርቶ ከ2007 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩት ብዙ ሐበሾች በመኪና አጭር መንገድ ነው። ከ1920 እስከ 1933 የቆየው የመጠጥ ክልከላ የፔንሲልቬንያንና የሜሪላንድን ራይ ክፉኛ ጎዳ፤ ራይ እንደገና ማንሰራራት የጀመረው በ21ኛው ክፍለ ዘመን የኮክቴል ቤቶች ሲፈልጉት ነው።

እህሉ ይህን ያህል ከተናገረ ቀሪውን የሚናገረው እንጨቱ ነው። ካቲካላ ሲወጣ ያየ ሰው የውስኪን የመጀመሪያ ምዕራፍ ያውቀዋል፤ ብቅል፣ ድፍድፍ፣ እሳት፣ በቱቦ የሚወርድ ጠብታ። ከኬንታኪ ማውጫም የሚወርደው ጥርት ያለ ነጭ መጠጥ ነው። ቀለሙን በሙሉ፣ ከጣዕሙም ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው በርሜል ነው። በሞቃቱ ወራት ውስኪው ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ በብርዱ ይመለሳል። ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ክፍል በእሳት ሲነካ ቫኒላውን ይሰጣል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ስኳር ተቃጥሎ ካራሜሉን ያመጣል። በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ተኖ ይጠፋል፤ ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። መጋዘኑ ፎቅ ከሆነ ላይኛው ክፍል ስለሚሞቅ እዚያ የተኛው በርሜል ቶሎ ይጠቁራል፣ አልኮሉም ይጨምራል። ፎር ሮዝስ የሚባለው አምራች በዚህ ምክንያት ባለ አንድ ወለል መጋዘን መርጧል። የእሱ አሠራር ለቀማሽ ደስ ይላል፤ ሁለት የእህል ቅንብርና አምስት ዓይነት እርሾ እያጣመረ አሥር የተለያየ ውስኪ ያወጣል።

ወደ አቀማመሱ እንምጣ። ዕጣን በሚጨስበት ወይም ቡና በሚቆላበት ክፍል ውስጥ ውስኪ መቅመስ ትርፉ ድካም ነው። ሽቶ የተቀባ ሰውም ራቅ ቢል ጥሩ ነው። ሚጥሚጣ ከተበላ ምላስ እስኪያገግም መጠበቅ ያስፈልጋል። ብርጭቆው ከታች ሰፋ ከአፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ግሌንኬርን የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሠራል። 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀዳና ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። አፍንጫን እንደ ወይን ጠጅ ብርጭቆው ውስጥ መክተት አይገባም፤ አልኮሉ ያደነዝዘዋል። ብርጭቆውን አገጭ አካባቢ ይዞ፣ አፍን ገርበብ አድርጎ፣ ቀስ እያሉ ማቅረብ ነው። መጀመሪያ አልኮል ብቻ የሸተተው ሰው ትንሽ ሲቆይ ፍሬው፣ ቀጥሎ እንጨቱ ይመጣለታል።

በመጀመሪያው ጉንጭ መፍረድ አይገባም፤ እሱ አፍን ማለማመጃ ነው። በሁለተኛው ውስኪውን ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ ጎን እያዟዟሩ እንደሚያኝኩ ማድረግ ነው። ይህ አኳኋን ጂም ቢም የሚባለው ቦርቦን ዋና አውጪ በነበሩት በቡከር ኖ ስም ይነሣል፤ «የኬንታኪ ማኘክ» ይሉታል። ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ መጀመሪያ የመጣው ምንድን ነው፣ መሃል ላይ ጣዕሙ ጨመረ ወይስ ሳሳ፣ ከተዋጠ በኋላስ ምን ያህል ቆየ? ለእኔ ትልቁ ፈተና መካከለኛው ነው። አጀማመሩ የሚያምር ውስኪ ብዙ ነው፤ መሃሉ ባዶ የሆነውም እንዲሁ። ከ50 በመቶ በላይ የሆነ ውስኪ ላይ ንጹሕ ውሃ በጠብታ መጨመር ነውር አይደለም፤ አንዳንዱ በሁለት ሦስት ጠብታ ይፈታል፣ አንዳንዱ ይበተናል። በረዶ ግን መዓዛውን ስለሚቀብር ለግምገማ አይሆንም። ብዙ ዓይነት ከቀረበ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በመሃል ውሃና ጨው የሌለው ዳቦ። 20 ሚሊ ሊትር አምስት ጊዜ 50 በመቶ ውስኪ ማለት በአሜሪካ መለኪያ ሦስት መጠጥ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ይተፋሉ። መኪና የሚይዝ ሰውም መትፋት አለበት።

ጉድለት ሁለት ጫፍ አለው። ቶሎ የታሸገ ውስኪ ጥሬ በቆሎና ሊጥ ይሸታል፣ አንዳንዴም አሴቶን። ብዙ የቆየው ደግሞ ሌላው ጣዕም ሁሉ በእንጨት ተውጦ ምሬቱ ድድን ይይዛል። አዲስ የከሰለ በርሜልና የኬንታኪ ሙቀት ስላለ ቦርቦን እንደ ስኮች 20 ዓመት እንዲቆይ አይጠበቅም፤ በእኔ አስተያየት ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለው ዕድሜ ብዙውን ይስማማዋል። ጥቁር ቀለምም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ውሃ ያልገባበት ወጣት ውስኪ ውሃ ከገባበት ሽማግሌ ሊጠቁር ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ ፓፒ ቫን ዊንክል የሚባለው ስንዴ ያለበት ቦርቦን በሁለተኛ እጅ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። እሱ በሚወጣበት በባፋሎ ትሬስ ፋብሪካ፣ በዚያው የእህል ቅንብር የሚወጣው ዌለር ከእሱ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ልዩነት የለም አልልም፤ ዕድሜና የበርሜል ምርጫ አለ። ነገር ግን ጠርሙሱ እየታየ ሲቀመስ የትኛው በምላስ፣ የትኛው በዋጋ እንደተወደደ መለየት አይቻልም። የሳን ፍራንሲስኮው የዓለም መጠጦች ውድድር ዳኞች የሚቀምሱት ጠርሙሱን ሳያዩ ነው፤ «ድርብ ወርቅ» የሚሰጠውም የቡድኑ ዳኞች ሁሉ ወርቅ ሲሰጡ ነው። እቤትም ይቻላል፤ አንድ ሰው ከጓዳ ይቀዳል፣ ከብርጭቆው ሥር ቁጥር ይለጠፋል፣ እያንዳንዱ የተሰማውን ለየብቻው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ይወያያል። ሳይጽፉ መወያየት የሚያስከትለው ይታወቃል፤ ታላቅየው «ቫኒላ» ካሉ ጠረጴዛው ሁሉ ቫኒላ ይሆናል።

ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ስም ያለው ውድ ጠርሙስ አይፈልግ። ኢቫን ዊሊያምስ ነጭ ሌብልና ሪተንሃውስ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ቦታ ሁለቱ በአንድ ላይ ከ60 ዶላር በታች ይገኛሉ። እነዚህን ሁለቱን ሳያይ የሚለይ ሰው ሦስተኛውን ጠርሙስ ራሱ ይመርጣል።